ከሚሎሽ ቀጥሎ ያለው ስም

ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረየስ ሚሎሽ
ደሴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ልብዎ ዳገቱን ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል፣ ወይስ ሐኪሙ የለወጠልዎ መድኃኒት ተስማማዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? የሚበሉት ይጣፍጥዎታል? የኅዳር ብርድ እንዴት እንደሚያደርግዎ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ የያዘው አክሊል ሹራብም ይዞልዎታል። ለሰው እንዳይሰጡብኝ። ያምናውን ጃኬት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ለብሶት በፎቶ አይቻለሁ፤ አምሮበታል፣ ግን የገዛሁት ለእርስዎ ነበር።

እኔም፣ ባለቤቴ ጊዲዮንም፣ ልጃችን ሂዊም አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ሲራክም ደህና ነው ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ። ግን ይህ ደብዳቤ የተጻፈው እሱን ላለማለት ነው። ስለዚህ አባባ፣ እባክዎ ቁጭ ይበሉ። እትዬ ኪዳንን ከጓዳ ይጥሯትና አጠገብዎ ትቀመጥ። መድኃኒትዎን ካልዋጡ መጀመሪያ ይዋጡ።

ሲራክ ታሟል። ሕመሙ ደሙ ውስጥ ነው፤ ካንሰር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ ያለውን አፓርትመንቱን ለቆ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ ነው ያለው። የሂዊን ክፍል ሰጥተነው እሷ ሳሎን ትተኛለች። ሆስፒታል ይገባል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። እሑድ እሑድ ሲደውልልዎ ድምፁ ለምን እንደሰለለ ሲጠይቁት ጉንፋን ነው ያለዎት ጉንፋን አልነበረም። ካሜራው ተበላሽቷል የሚልዎትም ፀጉሩ ስላለቀ ነው። ሥራ ላይ ነኝ እያለ የሚያወራዎት ትራስ ደራርቤለት፣ እኔ ከጎኑ ውኃ ይዤ ቆሜ ነው። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እወጣለሁ።

ያልነገርንዎት ሁላችንም ተስማምተን ነው። ጊዲዮንም፣ የማኅበራችን ሰዎችም፣ የንስሐ አባታችንም ሳይቀሩ፣ ልቡ ለታመመ አባት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ልጁ ሲድን ይሰሙታል አሉ። እዚህ ያለነውን ያውቁናል፤ መኪናችንንና ቋንቋችንን ለወጥን እንጂ ክፉ ወሬን ደብቆ ማቆየቱን እንደ ታቦት ይዘነው ነው የተሰደድነው። ሲራክም እንዳልነግርዎ በእማዬ አፅም አስምሎኛል። መሐላውን ዛሬ አፈረስኩት። ሌላ የቀረኝ መንገድ የለም።

ሐኪሞቹ የሚሉት እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን አልበቃም፤ ከጤነኛ ሰው መቅኔ ተወስዶ ለሲራክ ይሰጠው፤ የሚገጥመው ግን ከዘመድ ወይም በዘር ከሚቀርበው ሰው ነው። እኔን መረመሩኝ። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ምንም አልገጠምንም አሉኝ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ ጮህኩ። ሎረል ከተማ ያለችው የእማዬ የአጎት ልጅም ተመረመረች፤ አልሆነም። ከዓለም ዙሪያ ለጋሾች የተመዘገቡበትን ፈለጉ፤ የሐበሻና የሰርብ ደም እንደ እሱ የተቀላቀለበት ሰው አጡ። እርስዎን እንዳናስመጣ ዕድሜዎም ልብዎም አይፈቅድም አሉን። በመጨረሻ ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ከአባታችሁ የወረሰው ግማሽ ከዚያ ከአውሮፓዊው አያታችሁ የመጣው ነው፤ በዚያ በኩል ወጣትና ጤነኛ ዘመድ ብታገኙ፣ ግማሹ እንኳ ከገጠመ እንሞክራለን፣ ዕድሉ ጠባብ ነው ግን አለ አለችኝ። እኔ «አለ» የምትለዋን ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ አባባ፣ በመስከረም ደውዬ የአያታችንን የቤተሰብ ስም የጠየቅሁዎት ለዚህ ነበር። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ። «አባቴ ሚሎሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስም የለኝም» አሉኝ። ደግሜ ስጠይቅዎ፣ አሁን ደግሞ ፈረንጅ አያት አማረሽ፣ ወረቀት ልታወጪበት ነው፣ ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሌላ ቀን ስደውል እትዬ ኪዳን ተኝተዋል አለችኝ፤ ከኋላዋ ሳልዎ ይሰማኛል። በእርግጥ ምክንያቱን ደብቄዎት ስለነበር ሙሉ በሙሉ ልቀየምዎት አልችልም። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። አላውቅም አላሉኝም። የሚያውቁትን ነገር ሲደብቁ ድምፅዎ እንዴት እንደሚሆን እኔ ልጅዎ አላጣውም።

እኔና ሲራክ ስለ ሚሎሽ የምናውቀው አንድ እፍኝ አይሞላም። በጃንሆይ ጊዜ የመንገድ ሥራ ማሽን ሊጠግን ከዩጎዝላቪያ የመጣ መካኒክ ነበር፤ ከእማማ የሺሀረግ እርስዎን ወለደ፤ ሥራው ሲያልቅ ሄደ፤ አልተመለሰም። እማማ የሺሀረግም ሰርብ ነኝ ይል ነበር ከማለት ሌላ አይጨምሩም ነበር። ስለዚህ ምን አደረግን፣ ሚሎሽ ሚሎሽ እያልን ስንፈልግ ከረምን። እዚህ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ የሲራክ የመጨረሻ ስም ደግሞ ሚሎሽ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥም ሚስተር ሚሎሽ እያሉ ነው የሚጠሩት። ሂዊ በፌስቡክ ሚሎሽ ለሚባል ሰው ሁሉ ጻፈች። አንዱ ሊያገባት ጠየቃት፣ ሌሎቹ መልስ አልሰጡም። ምራቅ በጠርሙስ ሞልተው የሚልኩት የዘር ምርመራም አለ፤ እሱንም አደረግን። ሂዊ ውጤቱን አይታ «ማም፣ ኖ ክሎዝ ፋሚሊ፣ አይም ሶሪ» አለችኝ፤ የቅርብ ዘመድ የለም፣ አዝናለሁ ማለቷ ነው፤ ላፕቶፑንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንደለበስኩ ወደ ሰርቦቹ ቤተ ክርስቲያን ነዳሁ። በሩ ላይ ቆሜ ስሳለም ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ሲያዩኝ እልህ ያዘኝና ከፊት ሄጄ ቆምኩ። ሲያልቅ አንዲት ሴት መጣች፤ ራድሚላ ትባላለች፣ ብትበልጠኝ ጥቂት ነው፣ ፌርፋክስ ነው የምትኖረው። ሁሉንም ነገርኳት። ስሙ ማን ነው ስትለኝ ሚሎሽ አልኳት። እሱ የራሱ ስም ነው እንጂ የቤቱ ስም አይደለም አለችኝ። የእነሱ እንደ እኛ ልጅ በተወለደ ቁጥር የሚለወጥ አይደለም፤ ከጥንት አንድ አባት ስም ወይም ሙያ ተነሥቶ ለዘር ማንዘሩ አንድ ሆኖ ይወርዳል። እኔ በእኛ አገር ልማድ አንድን ሰው በአባቱ ስም ስፈልግ፣ የፈለግኩት ሚሎሽ የሚባል ወንድ ሁሉ ነው። ስንት ወር፣ አባባ። ሲራክ የሌለውን ወር እኔ እንዲሁ በተንኩት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ራድሚላ ግን አልተወችኝም። የቤታችሁ ታቦት ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እያንዳንዱ የሰርብ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ ታቦት፣ ማለትም አንድ ጠባቂ ቅዱስ፣ አለው፤ በዓመት አንድ ቀን በቤቱ ይዘክረዋል፣ ስላቫ ይሉታል። ስሙ አንድ ሆኖ ታቦቱም አንድ የሆነ ሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል ብለው ይጠያየቃሉ። እኔ ከየት አውቄ። አላውቅም አልኳት። የእኛ ቤት ሚካኤል ነው፣ እስኪ በዚያ ቀን ነይና እዪ አለችኝ። የነገረችኝን ቀን በእኛ ስቆጥረው ኅዳር ዐሥራ ሁለት ላይ ዋለ። ኅዳር ሚካኤል ማለት ነው። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

ከትናንት ወዲያ ሄድኩ። ዓርብ ስለነበር ምግቡ የጾም ነው፤ እነሱ በጾም ዓሣ ይበላሉ፣ እኔ አልፈረድኩም፣ ቦሎቄውን በላሁ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ዳቦና ሻማ ነበር። የራድሚላ ባል ዳቦውን አነሣ፤ ልጆቹም እጃቸውን አኖሩበትና አብረው አዞሩት፤ ከዚያ በመስቀል ቅርፅ ቆረሰው። አባባ፣ ሳህኔን አስቀምጬ ተጠጋሁ። እርስዎ በኅዳር ሚካኤል ጠበል ጠዲቅ ዳቦውን ከመቁረስዎ በፊት እኔንና ሲራክን ያዙ ብለው ያዞሩት አልነበረም እንዴ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የበሰለውን ጎን የሚፈልጉ ነበር የሚመስለኝ።

ወዲያው ሌላው መጣልኝ። የእኛ ቤት በኅዳር ሚካኤል ንፍሮ ቀርቦ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማ፣ የሺሀረግ ስንዴ ቆጠበች ሲል፣ እማማ የሺሀረግ ይቀየሙ ነበር እንጂ አይቀቅሉም ነበር። እርስዎም እሳቸው ካረፉ በኋላ እማዬን ከልክለዋታል። ራድሚላን በዛሬው ቀን የተቀቀለ ስንዴ ታቀርባላችሁ ወይ አልኳት። ለሌሎቹ ቅዱሳን እንቀቅላለን፣ ለሚካኤል ግን ብዙዎቻችን አንቀቅልም፣ ስንዴው ለሞተ ነው፣ እሱ መልአክ ነው፣ አልሞተም አለችኝ። ንፍሮ አለመኖሩን ስነግራት ተነሥታ አቀፈችኝ። እማማ የሺሀረግ ያን ሁሉ ሐሜት የቻሉት የሄደባቸውን ሰው ታቦት ለልጁ ለማቆየት ነበር። እኛ ስንበላ የኖርነው የሚሎሽን ስላቫ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ከምግብ በኋላ እንግዶቹ የየቤታቸው ስም ምን ማለት እንደሆነ ይነግሩኝ ጀመር። አንዱ የቄስ ልጅ ማለት ነው አለ። አንዷ የልብስ ሰፊ ልጅ አለች። የራድሚላ ባል ደግሞ አረቄውን እየቀዳ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ የእኛ የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው አለ። ለቤቱ ሁሉ አኩሪ ስም ነው። መንደር ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ ከየት ያገኛል፣ እያለ ሲስቅ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ።

ደሴ ነበርኩ። ልጅ ሆኜ ከጎረቤታችን ከገላው ጋር በጎርፍ መውረጃው የተጣሉ ዕለት። ሰውዬው ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንተ የቀጥቃጭ ዘር» አለዎት። እርስዎ ዞረው ቤት ገቡ። ስንት ቀን ከቤት እንዳልወጡ እኔና ሲራክ እናውቃለን። ገላው ከእማማ የሺሀረግ አፍ ያመለጠ ነገር ሰምቶ ይሁን፣ አባትዎ ብረት ነክቶ ስለኖረ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። እማዬን ሊያገቡ ሽማግሌ የላኩ ጊዜም ሰባት ቤት ሲቆጠር በአባትዎ በኩል ሚሎሽ ላይ ቆመ፤ ሽማግሌዎቹም ፈረንጅ ነው፣ ከእኛ ጋር አይገናኝም ብለው አለፉት። እማዬ ይህን እየሳቀች ስታወራልን እርስዎ አይስቁም ነበር። ሚሎሽ ለእማማ የሺሀረግ ስሙን ከነትርጉሙ ነግሯቸው ይሆን? እሳቸውም ለእርስዎ ነግረው፣ ለሰው እንዳታወጣው ብለው ይሆን? እኔ እንደዚህ ነው የገመትኩት።

ከሆነ አልፈርድብዎትም። ቀጥቃጭ የሚለው ቃል እኛ አገር ሰውን ከማኅበርም ከጋብቻም እንደሚያስወጣ አውቃለሁ። ቡዳ እየተባሉ መኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባት አልባ ሆነው፣ ቀይ ልጅ ሆነው፣ በዚያ ላይ ይህን መሸከም እንዳቃተዎት ይገባኛል። ግን አባባ፣ ያሳፈሩዎት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። ሲራክ በሕይወት አለ። ስሙን ከማን ነው የሚደብቁት? ገላው እንኳ ካረፈ ስንት ዓመቱ። እኔ ልጅዎን ለማዳን ቀጥቃጭ ብባል፣ ሸክላ ሠሪ ብባል፣ የፈለጉትን ቢሉኝ ምን ይቀርብኛል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምጽፍ መስሎ ተሰማኝ። ተስፋ ሲያልቅ ትሕትናም አብሮ ያልቃል።

ግምቴ ብቻውን አይጠቅምም። በእነሱ አገር የቀጥቃጭ ልጅ የሚባል ቤት በየመንደሩ ሞልቷል፣ አጠራሩም ብዙ ዓይነት ነው፤ ሚካኤልን የሚዘክረውም ብዙ ነው። ራድሚላ እንዳለችኝ ስሙ፣ መንደሩና ታቦቱ ሲገናኙ ግን የመንደሩ ቄስ ቤቱን አያጣውም። ታቦቱን አገኘሁ። የቀሩት ሁለቱ እርስዎ ዘንድ ናቸው። ምናልባት ሚሎሽ እዚያ ሌላ ልጆች ወልዶ ይሆናል፤ የእርስዎ ወንድሞችና እኅቶች ማለት ናቸው፤ የእነሱ ልጆች ደግሞ ወጣቶች ይሆናሉ። ምናልባት አያምኑንም፣ ምናልባት በራቸውን ይዘጉብናል። ይዝጉት። እኔ ትኬት ቆርጬ ደጃቸው ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ክንዱን ለመርፌ እስኪሰጠኝ አልነሣም።

ሐኪሟ ገናን አትጠብቁ ብላናለች፣ የፈረንጁን ነው የምትለው። እግሩ ቀጥኗል። እንኳን ሚስተር ሚሎሽ ሊባል፣ ትናንት ከመታጠቢያ ቤት ደግፌ ሳወጣው ደሴ የነበረውን ልጅ ሲራክን የያዝኩ መሰለኝ፣ ያ የደረት በሽታ ይዞት እርስዎ በጀርባዎ አዝለውት ሆስፒታል የወሰዱትን። ያኔ አዳኑት። ዛሬም ከእርስዎ በቀር የሚያድነው የለም፤ ማዘል አያስፈልግዎትም፣ መናገር ነው።

አክሊልን አይፍሩት። ታኮማ ፓርክ ጎረቤታችን የነበረ፣ አፉ የተቆለፈ ልጅ ነው፤ የመጣው ለእናቱ ሙት ዓመት ነው። ለእሱም ቢሆን በአፍዎ መናገር ካልፈለጉ አይናገሩ። ከታች ስሜን እስከማውቀው ድረስ ጽፌዋለሁ። ከሚሎሽ ቀጥሎ ቦታ ትቻለሁ። እዚያ ላይ የቤቱን ስም በእጅዎ ይሙሉልኝ፣ ከሥሩ የመንደሩን ስም ይጻፉና ይህንኑ ወረቀት አጥፈው ለአክሊል ይስጡት። ኔትወርክ ካለ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል፤ ከሌለም ኮምቦልቻ ወርዶ ይልካል፣ ቃል ገብቶልኛል። እርስዎ ሲሞሉት ቆሞ አያይም።

ለእትዬ ኪዳን ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ተኝተዋል ያለችኝን ይቅር ብያታለሁ፣ የላክሁላት የጉልበት ቅባት ሹራቡ ውስጥ ተጠቅልሏል። ልጇን ወንድሜነህን ይሳሙልኝ፤ ቢጫ ካልሲው የእሱ ነው፣ እርስዎ እንዳይወስዱበት። ለንስሐ አባትዎ እጅ ነሥቻለሁ፤ ሲራክን በክርስትና ስሙ፣ ወልደ ሚካኤል ብለው፣ በቅዳሴ ያስቡልኝ። ጊዲዮን ጉልበት ይስማል። ሂዊ በአማርኛ «አያቴ እወድዎታለሁ» በይልኝ ብላኛለች፣ ራስሽ ጻፊው ብያት ፊደሉ አስቸግሯት አለቀሰች።

ሲራክ እንደጻፍኩልዎ አያውቅም። እሑድ ይደውልልዎታል። እባክዎ አባባ፣ ጉንፋኑ ተሻለህ ወይ ብለው አይጠይቁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጅዎ
ጸዳለ ገብረየስ ሚሎሽ …………………………